ከጅማ ወደ ላንጋኖ ዳርቻ፦ ልጆች ይዞ ለሚሄድ ሰው

ጅማ ላደገ ልጅ ውሃ ብርቁ አይደለም። አዌቱ ከተማውን አቋርጦ ይወርዳል። ክረምት ሲገባ ደጁ ሁሉ ጅረት ነው። ሐይቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ዳርቻው አሸዋ የሆነ፣ ማዶው በጭጋግ የሚጠፋ፣ ማዕበል የሚያስነሳ ውሃ ብዙዎቹ ልጆቻችን ያዩት በስልክ ነው። ዕረፍት በመጣ ቁጥር «ላንጋኖ ውሰዱን» የሚሉትም ለዚህ ነው።

እኔ ከጅማ ተነስቼ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። በመጀመሪያው ጉዞ ከግቢያችን ጎረቤቶች ጋር ዘጠኝ አዋቂና ሰባት ልጆች ነበርን። ስለ ማደሪያና ስለ ምግብ ብዙ ተጨነቅን። ስለ ውሃው ግን አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ያ ስህተት ምን ሊያስከፍለን እንደነበር ወደ ታች እነግራችኋለሁ። በሁለተኛው ጉዞ ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው፤ ከሁሉ በፊት ስለ ውሃው አሰብን። እናንተም በዚህ ቅደም ተከተል ብትሄዱ ይሻላችኋል።

1. መጀመሪያ ውሃውን ምረጡ

ሐይቅ ሁሉ አይዋኝበትም። ጫሞና አባያ አዞ አለባቸው። የጫሞ አዞዎች ደግሞ በግዝፈታቸው የታወቁ ናቸው። እዚያ የሚኬደው በጀልባ ሆኖ ለማየት እንጂ ለመዋኘት አይደለም። ሐዋሳ ለዳርቻ ሽርሽር የሚወዳደረው የለም። ፍቅር ሐይቅ ላይ በእግር መሄድ፣ አሞራ ገደል ዓሣ መብላት፣ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትላልቅ ወፎች በቅርብ ማየት ልጆችን ያስደስታል። ግን ሐይቁ ውስጥ ጉማሬ አለ፤ ቢልሃርዚያም ይገኝበታል። ዝዋይም ሰፊና ደሴቶች ያሉት ውብ ሐይቅ ነው። ዳርቻው ግን ደንገል የበዛበት ነው። ደንገል ባለበት ቀንድ አውጣ አለ፤ ቀንድ አውጣ ባለበት ደግሞ ቢልሃርዚያ ሊኖር ይችላል።

ስለ ቢልሃርዚያ ትንሽ ልበል፤ ጅማ ዙሪያም ስላለ ብዙዎቻችን ስሙን እናውቀዋለን። በሽታውን የሚያመጣው ትል መጀመሪያ የሚያድገው በጥቃቅን የውሃ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። ከዚያ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይዋኛል። የሰው ቆዳ ሲያገኝ በስቶ ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም፤ ውሃውን መጠጣትም አያስፈልግም። እግርን ነክሮ መቆየት ብቻ ይበቃዋል። የሚወደው ረጋ ያለና ሣር የበዛበት ውሃ ነው።

ላንጋኖ ከቢልሃርዚያ ነጻ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። ሰው ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሁሉ ለዋና እሱን የሚመርጠውም በዚህ ምክንያት ነው። እንዲያም ሆኖ ሣርና ደንገል ያለበትን ጥግ ትታችሁ ክፍት አሸዋውን ምረጡ።

ላንጋኖ ወደ 240 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ጥልቅ ቦታው ከ45 ሜትር ያልፋል። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,585 ሜትር ላይ ስለሆነ ከጅማ ዝቅ ይላል፤ ሙቀቱም ያንኑ ያህል ይጨምራል። ቀለሙ ቡናማ ነው። መጀመሪያ ያየ ሰው «ቆሽሿል» ይላል። አልቆሸሸም። ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ የሚቀር ደቃቅ አፈር ነው ያን መልክ የሰጠው። ለጅማ ሰው ቶሎ እንዲገባው፣ ብዙ ወተት ያልገባበት ማኪያቶ ይመስላል። ይህን ቀለም አስታውሱት፤ ሌላው ሁሉ የሚያያዘው ከእሱ ጋር ነው።

2. ከመሄዳችሁ በፊት ጅማ ላይ ተለማመዱ

ልጆቻችሁ ዋና የማይችሉ ከሆነ የመዋኛ ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች ከተማው ውስጥ አሉ። አራት አምስት ቅዳሜ ውሰዷቸው። ግቡ ሩቅ መዋኘት አይደለም። ሦስት ነገር ብቻ ይልመዱ፦ ፊታቸው ውሃ ሲነካ አለመደንገጥ፣ በጀርባ መንሳፈፍ፣ ሲወድቁ እግራቸውን ፈልገው መቆም። ሦስተኛው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ውሃው ደረታቸው ላይ ብቻ እያለ መቆም ረስተው የሚሰምጡ ልጆች አሉ።

ሌላው ልምምድ ቦዬ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ቦዬን የማያውቅ ጅማዊ የለም። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ልጆቹን ወስዳችሁ ከሩቅ ጉማሬ አሳዩአቸው። ስለ ጉማሬ አንድ ሕግ አስተምሯቸው፦ በእሱና በውሃው መካከል አትቁሙ። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል። የሚያስፈራው ወደ ውሃው ሲመለስ መንገዱ ላይ ሰው ሲያገኝ ነው። ላንጋኖም በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ ደን ባለበት ዳርቻ፣ ጉማሬ ይታያል። ቦዬ ላይ የተማሩት እዚያ ይጠቅማቸዋል።

3. ጊዜውን ምረጡ

ከጥቅምት እስከ የካቲት ጥሩ ነው፤ ዝናብ ያነሰበትና መንገዱም የደረቀበት ጊዜ ነው። የበዓል ሰሞን ግን ሽሹ። ገናና ፋሲካ ላይ ዳርቻው ይሞላል፣ ዋጋው ይጨምራል፣ በሕዝብ መሃል ልጅ መጠበቅም ይከብዳል። ረመዳንና የአብይ ጾም ከመካከላችሁ የሚጾም ካለ ከምግቡ ጋር አብራችሁ አስቡበት። እኛ ግቢ ሁለቱም ስላሉ ቀኑን የምንወስነው ቁጭ ብለን ነው።

4. መንገዱ

ከጅማ አዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ላንጋኖ ደግሞ 200 ገደማ። ልጆች ይዛችሁ በአንድ ቀን አትጨርሱት። ይህን የምለው በአንድ ቀን ሞክረን በሌሊት የደረስን ስለሆንን ነው። በጨለማ ዳርቻውን ማየት አይቻልም፤ የደከመ አዋቂ ደግሞ በማግስቱ ልጅ በደንብ አይጠብቅም።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሱ። በአሰንዳቦና በሳጃ በኩል አድርጋችሁ ጊቤ በረሃ ትወርዳላችሁ። ቁልቁለቱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ልጆችን ያስመልሳል። ከዚያ በፊት ወተት አትስጧቸው፤ ደረቅ ዳቦ ይሻላል። ወልቂጤ ላይ ቁርስ፣ ወሊሶ ላይ እግር ማፍታታት። የመጀመሪያውን ሌሊት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት፣ ወይም አቅም ካላችሁ አልፋችሁ ሞጆ እደሩ። በማግስቱ ከቱሉ ዲምቱ የፍጥነት መንገዱን ይዛችሁ ሞጆ ላይ ወደ ባቱ (የዝዋይ ሐይቅ ከተማ) ትታጠፋላችሁ። ባቱን፣ አዳሚ ቱሉን፣ ቡልቡላን አልፋችሁ ወደ ደቡብ ስትሄዱ ላንጋኖ በግራ፣ አብያታ በቀኝ ይመጣል።

ወልቂጤ ላይ ወደ ሆሳዕና የሚገነጠለው መንገድም አለ። በሃላባ በኩል ሻሸመኔ ያወጣል። ከዚያ በአርሲ ነገሌ ወደ ሰሜን መመለስ ነው። አዲስ አበባን መዞር ያስቀራል። የትኛው መንገድ በዚያ ሳምንት እንደሚሻል ግን መናኸሪያ ሄዳችሁ ሾፌሮችን ጠይቁ። የመንገድን ወሬ ከእነሱ ቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ብዙ ከሆናችሁ ኮስትር ኮንትራት መያዝ ይረክሳል። ስትዋዋሉ የሾፌሩ ምግብና ማደሪያ በማን እንደሆነ፣ የፍጥነት መንገዱን ክፍያ ማን እንደሚከፍል፣ መኪናው ቀኑን ሙሉ ከእናንተ ጋር እንደሚቆይ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የመጨረሻው ለገንዘብ ብቻ አይደለም። ዳርቻ ላይ አንድ ነገር ቢፈጠር ሐኪም ጋ የሚያደርሳችሁ ያ መኪና ነው።

5. ምን ይያዝ

ልብሱን እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ ሰው የሚረሳውን ልንገራችሁ።

ባዶ ጄሪካን፣ ባለ 10 ሊትር፣ ክዳኑ በደንብ የሚዘጋ። 15 ሜትር የሚሆን የማይበጠስ ገመድ። ገመዱን ጄሪካኑ እጀታ ላይ እሰሩት። ውስጡ አንድ ሁለት ኩባያ ውሃ ጨምሩና ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉ፤ ያቺ ትንሽ ክብደት ካልገባች ሲወረወር ነፋስ ይመልሰዋል። ይህ የእኛ የነፍስ አድን ዕቃ ነው። አንድ ትልቅ ሰው ቢይዘው አገጩን ከውሃ በላይ ያቆይለታል። ቤት እያላችሁ ግቢ ውስጥ ወርውሩት፤ ስንት ሜትር እንደሚሄድላችሁ እወቁ።

ለልጆች ደማቅ ልብስ፦ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ ደማቅ ሮዝ። ሰማያዊና ቡናማ ውሃው ውስጥ ይጠፋል። ትክክለኛ ላይፍ ጃኬት ካገኛችሁ ገዝታችሁም ሆነ ተከራይታችሁ አልብሷቸው። በአየር የሚነፋ የፕላስቲክ ቀለበትና የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ግን መጫወቻ ነው እንጂ መከላከያ አይደለም። ነፋስ ሲነሳ ልጁን ይዞት ወደ ውስጥ ይሄዳል።

ሂጃብ የምታደርጉ እህቶቼ ቶሎ የሚደርቅ፣ ሰውነት ላይ የሚቀመጥ ልብስ ያዙ። ሰፊ ጥጥ ልብስ ውሃ ሲጠጣ እግር ላይ ይጠመጠማል፤ ይከብዳልም። ነጠላና ሽርጥም ያው ነው። ዳርቻ ላይ ይደረባል እንጂ ይዘውት አይገባም።

አጎበር። አካባቢው ወባማ ነው። ክረምት ከወጣ በኋላ ባሉት ወራት ደግሞ ይብሳል።

ጋቢ። ሌሊት ነፋሱ ይበርዳል።

ቡናችሁን አፍልታችሁ በፔርሙዝ ያዙ። ዳር ላይ ከሰል አንድዶ ቡና ማፍላት ያምራል፤ እኔም የጅማ ሰው ነኝና ይገባኛል። ነገር ግን በዚያ መንገድ ግራና ቀኝ የሚሸጠው ከሰል ከግራር ነው የሚወጣው፤ የሐይቁን ዳርቻ የሚያራቁተውም እሱ ነው። ነፋሱ ደግሞ ፍሙን ልጆች ላይ ያመጣዋል። ከቤት የተጠበሰ ዳቦ ቆሎ፣ ጨጨብሳ፣ አቮካዶና ማንጎ ለሁለት ቀን ይበቃል። ዓሣውን እዚያው ትበላላችሁ። ቆሮሶ ጠይቁ።

የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ አንድ ሁለት ያዙ። ጠባቂው የሚቀመጥበት ነው። አሸዋው ላይ እግሮቹ ይሰምጣሉ፤ ከስሩ ጠፍጣፋ እንጨት ወይም ካርቶን አድርጉለት።

6. እንደደረሳችሁ አትግቡ

ላንጋኖ ላይ የሚዋኝበት ዳርቻ አብዛኛው በሎጆችና በሆቴሎች በኩል ነው የሚገባው። ማደር ለማይፈልግም የቀን መግቢያ የሚያስከፍሉ አሉ። የበቀለ ሞላ ሆቴል ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ስትደውሉ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ። የሚዋኝበት ቦታ ተከልሎ ምልክት አለው ወይ? ዋናተኛ ጠባቂ ቆሟል ወይ? ላይፍ ጃኬት ይከራያል ወይ? መልሱ «አይ» ቢሆንም መሄድ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ጠባቂዎቹ እናንተ መሆናችሁን አውቃችሁ ነው የምትሄዱት።

ስትደርሱ ልጆቹ መኪናው ሳይቆም መዝለል ይፈልጋሉ። ያዟቸው። መጀመሪያ አንድ ዋና የሚችል አዋቂ በእግሩ ይግባ። እግሩን ሳያነሳ እየጎተተ ይሂድ። ድንጋይ፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ ድንገት የሚጎድል ቦታ ካለ በዚህ ይታወቃል። የልጆቹ እምብርት ጋ የሚደርስበት ቦታ ላይ ሲደርስ ይቁምና ወደ ቀኝና ወደ ግራም ይሞክር። ከዚያ መስመሩን በሁለት ረጃጅም እንጨቶች ምልክት አድርጉ። ከእንጨቶቹ ወዲያ ማንም ልጅ አያልፍም።

ከዚያ የአካባቢውን ሰው አናግሩ። እኛ የጅማ ሰዎች እዚህ ላይ ዕድለኞች ነን፤ አፋን ኦሮሞ የሚችል ከመካከላችን አይጠፋም። እኔ በሁለተኛው ጉዞ ከብቶች ሊያጠጡ የመጡ አንድ አዛውንት አገኘሁ። «አካም ጅርቱ፣ አባ» ብዬ ጠጋ አልኩ። ስለ ልጆቻችን ጠየቁኝ፣ ስለ ጅማ ዝናብ ጠየቁኝ። መጨረሻ ላይ በእጃቸው ወደ ምሥራቅ እያሳዩ፣ «ልጄ፣ ፀሐይ ስታዘነብል ይሄ ውሃ ሌላ ውሃ ነው፤ ያኔ ልጆቹን አውጪ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ጠዋት ሐይቁ እንደ ትሪ ይረጋል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ማዕበሉ አንድ ትንሽ ልጅ ይጥላል። ስለዚህ የልጆቹ ዋና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተኩል ይሁን። ፀሐዩም ያኔ አይከፋም። ከሰዓት በኋላ አሸዋ ላይ ይጫወቱ፣ ይተኙ፣ ወፍ ይቁጠሩ።

7. ውሃ ውስጥ

አሁን የመጀመሪያውን ጉዞ ልንገራችሁ። ዘጠኝ አዋቂዎች ዳር ላይ ተቀምጠናል። ሁላችንም ልጆቹን እያየን ነው። ቢያንስ ሁላችንም እንደዚያ መስሎናል። የወንድሜ ልጅ፣ የስድስት ዓመቷ፣ ከእኔ አምስት ሜትር ያህል ርቃ ከሌሎቹ ጋር ውሃ ትረጫለች። ዳቦ ልቆርስ ዞር አልኩ። ስመለስ ስድስት ልጆች አሉ። ሰባተኛዋ የለችም። ውሃው ልጅ የዋጠ አይመስልም፤ እንደ ነበረው ቡናማ ሆኖ ይብለጨለጫል። አንዱ ጎረቤታችን ከነልብሱ ገብቶ በእጁ ሲዳብስ እግሩ ነካት። ጎድጎድ ያለ ቦታ ረግጣ ነበር። ስትወጣ አስላት፣ አለቀሰች፣ ተረፈች። ውሃው ከወገቧ ብዙም አይበልጥም ነበር።

አልጮኸችም። እጇንም አላወዛወዘችም። ከጎኗ የነበሩት ልጆች እንኳን አላወቁም። የሚሰጥም ልጅ እንደዚያ ነው። ለመጮህ አየር ያስፈልጋል፤ ያ ልጅ ደግሞ ያለችውን አየር ለመተንፈስ እየታገለ ነው። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ አፉ ከውሃው እኩል ይሆናል፣ እጁ ወደ ጎን ውሃውን ይጫናል። ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጠልቃል። ጥርት ባለ ገንዳ ውስጥ ቢሆን ወለሉ ላይ ታዩታላችሁ። ላንጋኖ ላይ ግን ውሃው ጉልበት ሲደርስ የራሳችሁን እግር እንኳን አታዩም።

ከዚያ ወዲህ የምናደርገው ይህን ነው።

አንድ ባለ ኮፍያ ጠባቂ ይኖራል። ቀይ ኮፍያ ገዝተናል። ኮፍያውን ያደረገ ሰው ሥራው ማየት ብቻ ነው። ስልክ የለም፣ ወሬ የለም፣ ዳቦ መቁረስ የለም። በየ15 ደቂቃው ለሌላ ያስረክባል፤ ሲያስረክብ ልጆቹን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቆጥራል፣ ተቀባዩም ይቆጥራል። ኮፍያው ከእጅ ወደ እጅ ካልተላለፈ ኃላፊነቱም አልተላለፈም። «ሁላችንም እያየን ነው» ማለት ማንም እያየ አይደለም ማለት እንደሆነ እኛ በዓይናችን አይተናል።

ሁለተኛ አዋቂ ውሃ ውስጥ ይቆማል። ጀርባውን ለሐይቁ፣ ፊቱን ለልጆቹ ሰጥቶ፣ በእንጨቶቹ መስመር ላይ። ልጆቹ በእሱና በዳርቻው መካከል ናቸው። ወደ ውስጥ የሚሄድ ልጅ እሱን ሳያልፍ አይሄድም።

ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአዋቂ ክንድ አይርቅም። ክንድ ስል ዘርግታችሁ የምትነኩት ማለቴ ነው።

ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አጣምሩ። ፊሽካ ሲነፋ እያንዳንዱ የጓደኛውን እጅ ይዞ ወደ ላይ ያነሳል። ሲወዱት! እንደ ጨዋታ ነው የሚይዙት። ብቻውን እጁን ያነሳ ካለ ወዲያው ይታወቃል።

ጠጥቶ የሚገባ አዋቂም አይኑር። ይህን ለመናገር ማፈር የለብንም።

8. አንድ ሰው ቢሰጥም

ዘላችሁ አትግቡ። ለማዳን ገብቶ አብሮ የሚሰጥም ሰው ብዙ ነው። መጀመሪያ ጩኹ፣ ሰው ጥሩ። ከዚያ ጄሪካኑን ወርውሩ። ሰውየውን አሳልፋችሁ ወርውሩትና ገመዱን ወደ እሱ ሳቡ። ቅርብ ከሆነ በረጅም እንጨት ወይም በተጠቀለለ ጋቢ ድረሱለት፤ እናንተ ግን ተኝታችሁ ወይም ሰው ይዟችሁ።

ካወጣችሁት በኋላ በእግሩ ዘቅዝቃችሁ ውሃ ለማውጣት አትሞክሩ፤ ሆዱንም አትጫኑ። ብዙ ሰው ይህን ያደርጋል፤ ጊዜ ያባክናል፣ ያስታውከውና ሳንባው ውስጥ ያስገባበታል። በጀርባው አስተኙት። አገጩን ቀና አድርጉ። የማይተነፍስ ከሆነ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ 5 ጊዜ እስትንፋስ ስጡት፤ ደረቱ ከፍ ሲል ማየት አለባችሁ። ከዚያ ደረቱ መሃል ላይ 30 ጊዜ ፈጠን አድርጋችሁ ጫኑ፣ 2 ጊዜ እስትንፋስ፤ እንደገና 30፣ 2። እስኪተነፍስ ወይም ባለሙያ እስኪረከባችሁ አታቋርጡ። ሌላው ሰው በዚህ ጊዜ መኪናውን ያስነሳ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ወደ ሰሜን ባቱ፣ ወደ ደቡብ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ ቅርብ ከተሞች ናቸው።

ተርፎ ቢስቅም ሐኪም ይየው። ውሃ ሳንባው የገባ ሰው ከሰዓታት በኋላ ትንፋሹ ሊከብደው ይችላል።

ይህን በጽሑፍ አንብቦ መሥራት ይከብዳል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። ከግቢያችሁ ሁለት ሰው ብቻ እንኳን ይሠልጥን።

9. ዳርቻውን ስትለቁ

ላንጋኖ ዝግ ውሃ አይደለም። ከአርሲ ተራሮች የሚወርዱ ወንዞች ይገቡበታል። ሆራ ቀሎ በሚባል ወንዝ ደግሞ ወጥቶ አብያታ ይገባል። አብያታ መውጫ የለውም። ላንጋኖ ላይ የወደቀ ሳሙናና ፌስታል መጨረሻው አብያታ፣ የወፎቹ ሐይቅ ነው ማለት ነው። በጥንት ዘመን ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። ዛሬም በውሃ መንገድ የሚያያዙ አሉ።

ለጅማ ልጅ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። አዌቱ ላይ የጣልነው የሃይላንድ ጠርሙስ ወደ ቦዬ፣ ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ ይሄዳል። ግልገል ጊቤ ጊቤን ይቀላቀላል፤ ጊቤ ኦሞ ይሆናል፤ ኦሞ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። የእኛም ከተማ ጫፉ ሐይቅ ነው። ይህን ለልጆቼ በጣት መሬት ላይ ሥዬ ካሳየኋቸው ወዲህ ጠርሙስ ቦርሳቸው ውስጥ ይዘው መምጣት ጀምረዋል።

ስለዚህ፦ ሁለት ማዳበሪያ ከረጢት ያዙ። አንዱ ለእናንተ ቆሻሻ፣ አንዱ ቀድሞ ለተጣለው። ሁለቱንም መኪናው ላይ ጫኑና ገንዳ ያለበት ከተማ አውርዱ። ሰውነትና ዕቃ በሳሙና ሐይቁ ውስጥ አይታጠብም። ሾፌሩ መኪናውን ውሃው ውስጥ አስገብቶ ሊያጥብ ቢል በትህትና እምቢ በሉት። ከብት የሚያጠጡበትን መግቢያ አትዝጉ፤ ዳርቻው ከእኛ በፊት የእነሱ ነው። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊትም ጠይቁ።

10. ጊዜ ካላችሁ መንገዱን ተሻገሩ

አስፋልቱን አቋርጣችሁ የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክን ታገኛላችሁ። 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚህ 482ቱ ውሃ ነው። መታወቂያ ያዙ፣ ትኬት ቁረጡ፣ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ይመደብላችኋል። በሩ አካባቢ ሰጎን ይታያል። ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል፤ ዳርቻው ላይ ፍል ውሃ አለ። ልጆችን ከፍል ውሃው አርቁ፤ ሳይታሰብ የሚያቃጥል ቦታ አለው።

እዚህ አይዋኝም። አብያታ ዳር መኪና ይዛችሁ አትጠጉም። ከላይ የደረቀ የሚመስለው ጭቃ ከስሩ ለስላሳ ነው፤ ጎማ ይውጣል። ሐይቁ በእኛ ዕድሜ በጣም ሸሽቷል። ውሃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ (ለፋብሪካ የሚሆን ማዕድን) ሥራ ስለተወሰደበት ነው። ስካውቱን ድሮ ውሃው የት ድረስ እንደነበር ጠይቁት፤ እኛን የወሰደን ቆሞ በእጁ አሳየን። ልጆቹ ከቆምንበት እስከ ውሃው ለመሮጥ ፈለጉ። አልቻሉም፤ ሩቅ ነበር።

11. ጅማ ስትመለሱ

ገመዱን አጥባችሁ አድርቁት፤ እርጥብ ከተቀመጠ ይበሰብሳል። ጄሪካኑን ለዘይት አትጠቀሙበት፤ ለሚቀጥለው ጉዞ እንዳለ ይቀመጥ።

በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት የያዘው ሰው ካለ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ለወባ የደም ምርመራ ይደረግለት፤ ላንጋኖ ማደሩንም ለባለሙያው ይንገር። በመንገድ ላይ ዝዋይ ወይም ሐዋሳ ውሃ ውስጥ የገባ ካለ ደግሞ ከሁለት ወር በኋላ ለቢልሃርዚያ ይመርመር። ከዚያ በፊት ምርመራው ላያሳይ ይችላል። መድኃኒቱ የሚዋጥ ኪኒን ነው።